ኑርሀን እምቢ አለች

ባሕር ማዶ ላለሽው፣ ስምሽ ከአፌ ለማይለየው እህቴ፣ ለእትዬ ኸይራ፤

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እንደምን አለሽልኝ? ከራስ ፀጉርሽ እስከ እግር ጥፍርሽ ደህና ነሽ ወይ? ወገብሽስ እንዴት ነው? ያ ደረጃ ስትወለውዪ የያዘሽ ሕመም ለቀቀሽ ወይስ አሁንም ጎንበስ ብለሽ ቀና ለማለት ግድግዳ ትይዣለሽ? እንቅልፍስ ትጠግቢያለሽ? ምሳሽን በሰዓቱ ትበያለሽ? አሠሪዎችሽ እንግዳ ሲበዛባቸው ምንም ሳትቀምሺ እንደምትውዪ ስለማውቅ ነው የምጠይቅሽ፤ አንቺ እንደሆንሽ አልጋ ይዘሽም ደህና ነኝ ነው የምትዪው።

እኛ አልሐምዱሊላህ፣ ከአንቺ ናፍቆት በቀር ደህና ነን። ሞያሌ ዘንድሮ በጋው ጠንክሮባታል። አቧራው ከኢትዮጵያ በኩልም ከኬንያ በኩልም ያለ ፓስፖርት ይመጣል፣ ጠዋት የጠረግሁትን ሱቅ ከቀትር በፊት ደግሜ እጠርጋለሁ። ውኃ በቦቴ ነው የምንቀዳው። ቢሆንም ረመዳን ሊገባ ነውና ገበያው ሞቅ ሞቅ ብሏል፤ የኔም ቀሚስና ሻሽ ይወጣል፣ ባሌ መሐዲም ከኦዳ መንደር ፍየል ነጋዴዎች ጋር ሲሯሯጥ ይውላል።

ደብዳቤውን የሚያደርሱልሽ የመሐዲ አጎት ሐጂ ዋሪዮ ናቸው። ለዑምራ ሲሄዱ ጅዳ ላይ ስለሚያርፉ በእጃቸው ላክሁት። በስልክ ለምን አልነገርሽኝም እንዳትዪኝ። በስልክ ሲሆን ገና ድምፅሽን ስሰማ እንባዬ ይቀድመኛል፣ አንቺም ትከተዪኛለሽ፣ ከዚያ ኔትወርኩ ይቆረጣል። ምንም ሳንነጋገር ተላቅሰን እንለያያለን። ይህ ነገር ግን ተላቅሰን የምንተወው አይደለም፣ ከሥር ከመሠረቱ ልንገርሽ።

በመጨረሻ በላክሽልኝ የድምፅ መልእክት የጠየቅሽኝን አልረሳሁትም። ውሌ ከረመዳን በኋላ ያልቃል፣ እመቤቲቱ ሁለት ዓመት ጨምሪ እያለችኝ ነው፣ ለኑርሀን የሚጠቅም ከሆነ እፈርማለሁ፣ አንቺ ወስኚልኝ ነበር ያልሽኝ። እኔም ዝም አልኩሽ። አውቃለሁ፣ ከፍቶሻል። ዝም ያልኩት ግን ቃሉ ከአፌ አልወጣ ብሎኝ ነው። ፍረሚ እንዳልልሽ ወገብሽ ይታየኛል፣ ደሴ ሆና በር በሩን የምታየው እናታችን ትታየኛለች። ይብቃሽ ነይ እንዳልልሽ ደግሞ የልጄ ነገር ሆነብኝ። ወላሂ፣ አንዳንድ ቀን ፍረሚ ልልሽ ስልኩን አንስቼ መልሼ አስቀምጫለሁ። አሁን መልሱ ተገኝቷል። መልሱን የምሰጥሽ ግን እኔ አይደለሁም። ማን እንደሆነ እስክነግርሽ ድረስ በትዕግሥት አንብቢ፣ እንደ ልማድሽ መጨረሻውን ቀድመሽ እንዳታዪ። አውቅሻለሁ እኮ!

መጀመሪያ ስለ ታብሌቱ ላመስግንሽ። የእመቤትሽ ልጅ አዲስ ሲገዛላት ወዲያ ያለችውን ለምነሽ፣ በሻሽ ጠቅልለሽ፣ ከተምር ጋር አሽገሽ የላክሽልንን ማለቴ ነው። ጥጉ ላይ የተሰነጠቀ ነው ብለሽ አፍረሽ ነበር። አብሽሪ እታለሜ፣ ስንጥቁ እዚያው ጥጉ ላይ ነው፣ ማንንም አላስቸገረም። ለዚያች ልጅም ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ ሞያሌ የሚባል አገር ባታውቅም ዱዓ የሚያደርግላት ቤት እዚህ አለ በያት።

ኑርሀንን በፎቶ እንጂ በዓይንሽ አላየሻትም። አንቺ ከሄድሽ በኋላ ነው የተወለደችው፣ አሁን ስምንት ዓመቷ ነው። ምጡ በዝቶብኝ ታፍና ስለተወለደች እጅና እግሯ እንደማይታዘዛት፣ አንደበቷም እንዳልተፈታ ታውቂያለሽ። ያልነገርኩሽ የሰዉን አፍ ነው። ሱቅ ውስጥ አጠገቤ ሳስቀምጣት ደንበኛው ሁሉ እፊቷ ቆሞ ይቺ ልጅ ይገባታል ወይ ይለኛል። ደረቴን ነፍቼ ይገባታል እላለሁ፣ ሆዴ ግን እርግጠኛ አልነበረም። እናት ሆኜ እርግጠኛ አልነበርኩም! ስትስቅ አያለሁ፣ ስታለቅስ አያለሁ፣ በልቧ ያለውን ግን አላውቅም ነበር።

ካለፈው ዓመት ጀምሮ እዚህ ያለው ትምህርት ቤት እንደ እሷ ላሉ ልጆች ልዩ ክፍል ከፍቶ ተቀበለልን። አስተማሪዋ ማዳም ሜርሲ ትባላለች፤ እዚህ ሴት አስተማሪን ማዳም ነው የሚሉት። ከኬንያ መሀል አገር የመጣች፣ ቀጭን፣ ቁጡ፣ ሥራ የማይሰለቻት ሴት ናት። አማርኛዋ ሰላም ነው ከማለት አያልፍም፣ በስዋሂሊ ነው የምንግባባው። ክፍሏን ብታዪ ትስቂያለሽ፣ እኔ ከሱቅ የምጥለው ካርቶን ሁሉ እዚያ ነው። ካርቶኑን ቆራርጣ ሥዕል ትለጥፍበታለች፣ ምራቅ እንዳያበላሸው በላስቲክ ትሸፍነዋለች፤ መናገር የማይችሉት ልጆች የሚፈልጉትን ሥዕል በመንካት ይነግሯታል። እርሳስ መጨበጥ ላቃታቸው እርሳሱ ላይ የብስክሌት ከመነዳሪ ጠምጥማ ታወፍርላቸዋለች። ለኑርሀን ደግሞ ፉንዲ ሰሊምን፣ አናጢውን ማለቴ ነው፣ አስቸግራ ጎንና ጎኑ ድጋፍ ያለው፣ ከፊቱ ጠረጴዛ የተገጠመለት ወንበር አሠራችላት። ልጄ ቀጥ ብላ ተቀምጣ የሰው ፊት በደንብ ማየት የጀመረችው ያን ቀን ነው።

ታብሌትሽ ሲደርስ ማዳም ሜርሲ አጨበጨበች። በነፃ የሚገኝ የሥዕል ፕሮግራም ጫነችበት። ስክሪኑ በሣጥን በሣጥን ይከፋፈላል፣ እያንዳንዱ ሣጥን ሥዕል አለው፣ ልጅቷ ሥዕሉን ስትነካ ታብሌቱ ቃሉን ይናገርላታል። መጀመሪያ የነበሩት ሥዕሎች ግን የሰው አገር ነበሩ፤ በረዶ ላይ የሚጫወት ልጅ፣ አልጋ ላይ የተኛ ውሻ። አኮ ሻሮ ውሻውን ከነብርድ ልብሱ ሲያዩት አዑዙ ቢላህ አሉ። አኮ ሻሮ የመሐዲ እናት ናቸው፤ አኮ በእነሱ ቋንቋ አያት ማለት ነው፣ ከልጄ ጋር እኔም እንዲያው ነው የምጠራቸው። ስለዚህ የኛኑ ፎቶ አነሳን፤ የበራችንን፣ የፍየላችንን፣ የሻይ ኩባያችንን፣ የእያንዳንዳችንን ፊት።

ድምፁን መጀመሪያ የቀዳው መሐዲ ነው። ወይ ጉድ! ሚጢጢዬዋ ልጅ ሥዕል ስትነካ የፍየል ደላላ ድምፅ ሲወጣ በሳቅ ሞትን። ማዳም ሜርሲ ልጅ በልጅ ድምፅ ነው መናገር ያለባት ብላ ቆጣ አለች። የጎረቤታችን ልጅ አሻ፣ የኑርሀን እኩያ፣ ቃሉን ሁሉ አንድ ጊዜ በአማርኛ አንድ ጊዜ በኦሮምኛ ቀዳችልን፤ አኮ አማርኛ ስለማይሰሙ ነው። ኑርሀን እጇን ወደ አንዱ ሣጥን ስትልክ ሌላው ላይ ስለሚያርፍባት ደግሞ መሐዲ ከወተት ጀሪካን ላይ ፕላስቲክ ቆርጦ፣ በየሥዕሉ ልክ ቀዳዳ አውጥቶ፣ ስክሪኑ ላይ አሰረላት። አሁን እጇ ፕላስቲኩ ላይ ቢንሸራተትም የፈለገችው ቀዳዳ ውስጥ ካልገባ ምንም አይናገርም።

ስህተታችንን ደግሞ ስሚና ሳቂ። ማዳም ሜርሲ ለቤት የሚሆነውን ቃል እናንተ ምረጡ ብላ ተወችልን። መሐዲና እናቱ ተቀምጠው እንደ አገር ሽማግሌ መከሩ። ምን መረጡ መሰለሽ? ሰላም ዓለይኩም። ቢስሚላህ። እሺ። ስጡኝ። ና፣ ነይ። ደህና ነኝ። አመሰግናለሁ። አለቀ! ከዚህ የበለጠ ጨዋ ልጅ ከየት ይመጣል? እኔም ደስ ብሎኝ ነበር። እንግዳ ሲገባ ሰላም ዓለይኩም ትላለች፣ ከረሜላ ሲሰጧት አመሰግናለሁ ትላለች፣ ሰዉ ማሻአላህ እያለ ይወጣል። እኛም ተኩራራን።

ማታ ማታ የምታለቅሰው ለቅሶ ግን አልቀረም። አስታወስሽው? በስልክ ስናወራ ከጀርባዬ እየሰማሽ ምን ሆና ነው የምትዪኝን። ከመግሪብ በኋላ ይጀምራታል፣ እግሯን አጥፋ፣ ጥርሷን ነክሳ፣ እንቅልፍ እስኪጥላት ድረስ ነው። ሐኪም ቤት ወሰድናት፣ ቁርአን አስቀራንባት፣ አንዱ ብርድ ነው ይላል፣ አንዱ ዓይን ነው ይላል። አንቺም ትልቅ ሆስፒታል ውሰዷት፣ እኔ እልካለሁ እያልሽ ዕድሜሽን እዚያ ትጨርሻለሽ። ከመግሪብ በኋላ ምን እንደምናደርግ ግን አንዳችንም አላሰብንም። ወተቷን ነበር የምናጠጣት።

ወተቱ ከኡራን መንደር፣ ከአኮ ዘመዶች በሎሪ መኪና ይመጣል። በዚህ በጋ ወተት ማግኘት ቀላል እንዳይመስልሽ። አኮ ራሳቸው ሻያቸውን ያለ ወተት እየጠጡ የልጅቷን ኩባያ ይሞላሉ፣ አቅፈው በእጃቸው ያጠጧታል፣ እየመረቁ ነው የሚያጠጧት። ታብሌቱ ከመጣ ወዲህ ደግሞ አዲስ ነገር ተጨመረ። ኑርሀን አንዴ ከጠጣች በኋላ ፊቷን አዙራ፣ እንባዋ እየወረደ፣ አመሰግናለሁን ትነካለች። አመሰግናለሁ፣ አመሰግናለሁ፣ አመሰግናለሁ። አኮም ደስ ይላቸውና አንቺን የሰጠኝ ጌታ ይመስገን ብለው ይጨምሩላታል። እኔ እናቷ ቁጭ ብዬ አያለሁ። እያለቀሰች ታመሰግናለች፣ እያመሰገነች ታለቅሳለች፣ ነገሩ አልገባኝም!

አንድ ማታ ማዳም ሜርሲ ቤታችንን ልታይ በቦዳ ቦዳ፣ በሞተር ማለቴ ነው፣ መጣች። ሻይ ይዛ ይህን ሁሉ አየች። ከዚያ ታብሌቱን አንስታ ሣጥኖቹን አንድ በአንድ ስታይ ቆየችና ይቺ ልጅ እምቢ የምትልበት የት ነው ብላ ጠየቀች። መሐዲ እንደ አባት ኮራ ብሎ በኛ ቤት ልጅ ለትልቅ ሰው እምቢ አይልም አላት። እሷም አልተቆጣችም። ሌላው ልጅ እኮ አፉን ይገጥማል፣ ሮጦ ያመልጣል፣ ይቺ አፏም እግሯም ይሄው ነው፤ እምቢ ማለት ካልቻለች እሺ ማለቷን በምን ታምኗታላችሁ አለችው። ባሌም እውነትሽን ነው አላት። አሻን ጠራናት። እምቢ፣ አልፈልግም ብላ በሁለቱም ቋንቋ ቀዳች፣ ማዳም ሜርሲም ቀይ መስቀል ያለበት ሣጥን ሠርታ ከአመሰግናለሁ አጠገብ አስገባችው። እንዴት እንደሚሠራም ለኑርሀን አሳየቻት፤ ጠረጴዛዋ ላይ የነበረውን አሮጌ ጨርቅ አቀረበችላት፣ እምቢን ነክታ ጨርቁን ወዲያ ወረወረችው።

ከዚያ አኮ ኩባያውን አነሱ። ኑርሀን ኩባያውን አየች፣ አያቷን አየች። እጇ ፕላስቲኩ ላይ ሄደ፣ መጣ፣ ቀዳዳው ውስጥ ገባ። እምቢ፣ አልፈልግም! አኮ የሰሙትን ማመን አቅቷቸው እንደገና አቀረቡላት። እምቢ፣ አልፈልግም! እኔ ምን እንደሆንኩ አላውቅም፣ ብድግ ብዬ እልል አልኩ። ወላሂ እልል አልኩ! ጎረቤት ምን ተገኘ ብሎ ሲመጣ ልጄ ወተት አልፈልግም አለች አልኩት፣ ሰዉም አበደች ብሎ ተመለሰ። ስምንት ዓመት ሙሉ ይገባታል ወይ ላሉኝ ሁሉ መልሱ ያ ነበር፤ የማትፈልገው ነገር ያላት ልጅ ናት!

አኮ ግን ኩባያውን አስቀምጠው ወጡ። እዚህ አገር ወተት እንዲሁ መጠጥ አይደለም፤ ትልቅ ሰው በእጁ ያቀረበውን ወተት መመለስ ምርቃቱን መመለስ ነው። የመረቅሁበትን መለሰችብኝ ብለው ከበር ውጪ ተቀመጡ፣ በማግስቱም አላናገሩንም። መሐዲ ቢለምናቸው እምቢ፣ እኔ ብለምናቸው እምቢ። ደስታዬ ሁሉ ሰቀቀን ሆነብኝ፣ አስታርቄ የማላውቅ እኔ በማን በኩል ሽማግሌ እንደምልክ ጨነቀኝ። ኑርሀን ያን ማታ አላለቀሰችም። ልብ ያልኩት ግን በሁለተኛው ማታ ነው፣ ያን ጊዜም አላለቀሰችም። በኋላ የሐኪም ቤት ነርስ ስትነግረን ወተት የማይስማማው ሆድ አለ፣ እሷ ደግሞ እንደ ሌላው ልጅ ስለማትንቀሳቀስ ሆዷ ተነፍቶ ያሠቃያታል አለች። ለካ ያ ሁሉ አመሰግናለሁ ይብቃኝ ማለቷ ነበር፤ ስንት ሆስፒታል ያሰብንበት ነገር!

ያስታረቀችን ግን ኑርሀን ናት። አኮ ከበር ውጪ እንደተቀመጡ፣ ወንበሯ ላይ ሆና የሳቸውን ፎቶ ነካች፣ አኮ አለ ታብሌቱ። ቀጥላ ነይ አለች። አኮ፣ ነይ። አኮ፣ ነይ። በሦስተኛው እንባቸውን በሻሻቸው እየጠረጉ ገቡና ወንበሩ ሥር ቁጭ አሉ። ወተቱን ነው እንጂ እኔን አልጠላሽኝም ማለት ነው አሏት። እሺ አለች፤ እሺዋን ደግሞ ያን ጊዜ አመንናት። ይህን ሁሉ ዘመን ለኔ ስትዪ ጠጣሽ ብለው ጉልበቷን ሳሙት። እኔና መሐዲ እርስ በርስ መተያየት አቅቶን አንዳችን ወደ ሱቅ አንዳችን ወደ ጓዳ ሄድን። አሁን ኑርሀን ማታ ማታ ስኳር የበዛበት ቀይ ሻይ ነው የምትጠጣው፣ ወተቱን አኮ ይጠጡታል፣ እሷ ደግሞ እያየች ትስቅባቸዋለች።

ከዚያ ወዲህ ቤታችን እምቢ በእምቢ ሆነልሽ። ፀጉሯን ልሠራ ስል እምቢ፣ ቢጫውን ቀሚስ ሳቀርብ እምቢ፣ እንተኛ ስላት እምቢ። አንዳንዴ ታብሌቱን ደብቄ ልረፍ እላለሁ፣ ከዚያ አፏን እንደመዝጋት መስሎ ይታየኝና አልደፍርም። በክፍሏም ማዳም ሜርሲ ፊደልና ቁጥር በሥዕል እያቀረበችላት ነው፤ ስማችንን ከፎቶአችን ጋር ማዛመድ ጀምራለች። ይገባታል ወይ የሚለኝ ደንበኛ ሲመጣ አሁን እሷን ጠይቃት እላለሁ። ይህ ሁሉ የመጣው በአንቺ ነው እትዬ፣ አላህ በኸይር ይክፈልሽ፣ ያሰብሽውን ያሳካልሽ፣ ወገብሽን ያድንልሽ።

እንግዲህ ወደ ጥያቄሽ ልመለስ። ሰማያዊ ሻሽ ያደረግሽበትን ፎቶሽን ታብሌቱ ውስጥ ካስገባነው ቆይቷል፣ አሻም ኸይራ ብላ ቀድታልሻለች። ባለፈው ጁምዓ፣ ከሶላት በኋላ ሁላችንም እንዳለን፣ ወንበሯ ፊት ተቀመጥኩና እንደ ትልቅ ሰው አጫወትኳት። ይቺ አክስትሽ ናት፣ ታብሌቱን የላከችልሽ እሷ ናት፣ አንቺን ለማሳከም ብላ ሁለት ዓመት ጨምራ እዚያ ልትቆይ ታስባለች፣ ትቆይ ወይ አልኳት። አላንገራገረችም። እምቢ፣ አልፈልግም።

እጇ ስቶባት ይሆናል ብዬ ደነገጥኩ። ጥያቄውን ገልብጬ ትምጣ ወይ አልኳት። እሺ አለች። አሁንም አላመንኩም፣ ሰው የሚወደውን ሲሰማ ይፈራል። ማንም ሳይጠይቃት፣ እጇን እንደገና አነሳች። ፕላስቲኩ ላይ ብዙ ለፋች፣ ላቧ በግንባሯ መጣ። ፎቶሽን አገኘችው። ኸይራ። ከዚያ ነይ።

ይኸው መልሱ ይህ ነው። እኔ ምንም አልጨመርኩበትም። ሕክምናዋስ ካልሽ፣ ሐኪሙም ማዳም ሜርሲም የሚሉት አንድ ነው፤ እግሯን በየቀኑ ማሸትና ማንቀሳቀስ፣ ጠይቆ መልሷን መጠበቅ። እሱ ደግሞ ሰው ነው የሚፈልገው። ሱቄ ለሁለታችን ይበቃል፣ አንቺ ደግሞ ቀሚስ መሸጥ ከኔ ትበልጫለሽ። መጀመሪያ ደሴ ወርደሽ እማዬን አይተሽ፣ ከዚያ ወደዚህ ነይ። ልትከራከሪ ብትፈልጊ እኔን አትደውዪልኝ፣ የወሰነችው እሷ ናትና ከእሷ ጋር ተከራከሪ፤ መሐዲ እንደሆነ ሞክሮ ተሸንፏል።

አብራሽ ለምትሠራው ኢንዶኔዥያዊት ሰላም በይልኝ፣ ወገብሽን በቅባት ስለምታሽልሽ ውለታዋ አለብኝ። መሐዲ እጅግ በጣም ሰላም ብሎሻል፣ የሚታረድ ፍየል ከአሁኑ መርጦ አስሯል። አኮ ሻሮ እጃቸውን ዘርግተው መርቀውሻል፣ ከኡራን ወተት አስመጣላታለሁ፣ እሷም እምቢ ካለች እንግዲህ ምን አደርጋለሁ ብለዋል። አሻ ድምፄን ሰምታ ታውቀኛለች ወይ ብላ ጠይቃለች። ማዳም ሜርሲም በዚያች በአንድ አማርኛዋ ሰላም ነው ትልሻለች።

ኑርሀንን ለእትዬ ኸይራ ሰላምታሽን ልጻፍላት ወይ አልኳት። እምቢ አለችና ፎቶሽን ነካች፣ ቀጥላም ነይ። በወረቀት አይሆንም፣ እዚሁ መጥታ ትቀበል ማለቷ ነው።

እህትሽ ሉባባ
ሞያሌ፣ በኬንያ በኩል
የካቲት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.